«እንደ አዲስ» የሚሉት ውሸት

አሮጌ ነገር የሚወዱ ሰዎች ዘንድ አንድ የኩራት ቃል ተለምዷል፤ «እንደ አዲስ አደረግሁት» ይላሉ። ስለ ቤት ይሉታል፤ ስለ መኪና ይሉታል፤ ስለ ሥዕልም ይሉታል። እኔ ዛሬ ክርክር የምገጥመው ይህንኑ ቃል ስለ ብስክሌት ከሚናገሩት ሰዎች ጋር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግጥምና ወግ ሊያነብ የመጣ ሰው «ብስክሌት ደግሞ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን ዝምድና አለው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥቂት ይታገሠኝ እንጂ ዝምድናው የሥጋ መሆኑን አሳየዋለሁ። በአንድ ሰው እጅ የተሠራ የብረት ፍሬም የእጅ ጽሑፍ ነው። የተጎዳውን ፍሬም እናድሳለን ብለው የሚፍቁት፣ የሚለስኑትና የሚቀቡት ሰዎች የሚፈጽሙት ነገር ብራና ፍቆ በላዩ የራስን ቃል ከመጻፍ አይለይም።

ነገሬን ከወዲሁ ላስቀምጠው። የተጎዳ አሮጌ ፍሬም መጠገን አለበት፤ «መታደስ» ግን የለበትም። መጠገን ማለት ሸክሙን እንደገና እንዲችል ማድረግ ነው። ሰዎቹ መታደስ የሚሉት ግን ያልተጎዳና ያላረጀ ማስመሰልን ነው። የመጀመሪያው ሞያ ነው፤ ሁለተኛው ማታለል ነው።

* * *

የምናገረው ስለ ምን ዓይነት ብስክሌት እንደሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፋብሪካ በሺህ የሚያወጣውን ማለቴ አይደለም። በሃያኛው ምእተ ዓመት በእንግሊዝ፣ በኢጣሊያ፣ በፈረንሳይና በቤልጂየም ትንንሽ ሱቆች ውስጥ አንድ ባለሙያ ከአንድ ወይም ከሁለት ረዳቶች ጋር ቆሞ በሞረድና በእሳት የሠራውን ማለቴ ነው። ሚላኖ ውስጥ ፋሊዬሮ ማሲ የሚባለው ስመ ጥር ሠሪ ሱቁ ከቪጎሬሊ የብስክሌት መወዳደሪያ ሥር ነበር። ተወዳዳሪው ከላይ ሲሽከረከር ሠሪው ከታች ይሞርዳል።

ቱቦው ራሱ ድንቅ ነገር ነው። በበርሚንግሃም ከተማ አልፍሬድ ሬይኖልድስ በ1897 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ብልሃት ጫፉ ወፍራም፣ መሐሉ ስስ የሆነ ቱቦ መሥራት ነበር። ከውጭ ለሚያየው ቱቦው ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የተሰወረው በውስጡ ነው። ቱቦ አብዝቶ የሚጨነቀው ከሌላው ጋር በሚጋጠምበት ጫፉ ላይ ስለሆነ፣ መሐሉ ላይ ብረት ማብዛት ክብደት ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም። ስሙን የያዘው ኩባንያ በ1935 ደግሞ 531 የተባለውን የማንጋኒዝና የሞሊብደነም ቅይጥ ብረት አወጣ። በሚላኖ አንጄሎ ሉዊጂ ኮሎምቦ በ1919 የጀመረው፣ በኋላም ኮሎምበስ በሚል ስም የታወቀው የቱቦ ሥራ የኢጣሊያን ሠሪዎች መገበ። የእነዚህ ቱቦዎች ግድግዳ በተለመደው መጠን ጫፉ ላይ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስት የጽሕፈት ወረቀት ደራርባችሁ በጣታችሁ ጨብጡት፤ ውፍረቱ ያን ያህል ነው። በዚያ ላይ ሰው ተቀምጦ ከተራራ ቁልቁል ይወርዳል።

ቱቦዎቹ እርስ በርስ የሚያያዙት ሉግ በሚባል የብረት እጅጌ ነው። ሠሪው ቱቦውን እጅጌው ውስጥ ያስገባና በእሳት ያግለዋል፤ ናስ ወይም ብር ያለበት ቅይጥ ያስነካዋል። የቀለጠው ናስ በቱቦውና በእጅጌው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ ዘይት በኩራዝ ክር ላይ እንደሚሳብ፣ በራሱ ተስቦ ይገባል። ናሱ የሚቀልጠው ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ የብሩ ቅይጥ ደግሞ ከ600 እስከ 700 ባለው ነው። ብረቱ ራሱ ግን 1500 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም። ይህን ልዩነት አንባቢ ይያዝልኝ፤ የክርክሬ ምሰሶ እርሱ ነው።

የሠሪው እጅ የሚታወቀው ግን ከእሳቱ በፊት ነው። እጅጌው ሻካራ ሆኖ ይመጣል። ሠሪው በሞረድ ያቀጥነዋል፤ ጠርዙን ያሾለዋል፤ አንዳንዱ የልብ፣ አንዳንዱ የጦር ጫፍ ቅርጽ ይቀርጽበታል። አንዱ ጠርዙን እንደ ምላጭ እስኪስል ድረስ ይሞርዳል፤ ሌላው ወፈር አድርጎ ይተወዋል። የቁም ጸሐፊን በ«ሀ»ው አንገትና በ«መ»ው ወገብ እንደምንለየው፣ እነዚህንም ሠሪዎች የሚያውቁ ሰዎች በእጅጌው ጠርዝ ይለዩዋቸዋል።

ይህ መለያ ለጌጥ የተነገረ አይደለም። በውድድር ዓለም የቀለሙ ስምና የሠሪው ስም ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ቡድኑን የሚደግፈው ኩባንያ ስሙ በትልቁ እንዲጻፍ ይፈልጋል፤ ተወዳዳሪው ደግሞ ሰውነቱን የሚያውቅ ሠሪ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሠሪ የሠራው ፍሬም የሌላ ስም ተቀብቶ ይወጣ ነበር። ለማሲ ሥራ እንዲህ ሆኗል፤ ለሌሎችም ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀለሙ ሌላ ይናገራል፤ ብረቱ ግን ያለ ሐሰት ይመሰክራል። ምስክሩም የሞረዱ አካሄድ፣ የናሱ አፈሳሰስና በፔዳሉ ማዕከል ሥር የተመታው ቁጥር ነው። እነዚህን ያጠፋ ሰው የጸሐፊውን ስም አጥፍቷል።

እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው የቅኔ ስልት ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ቤት እንደሆነ የማያውቅ የለም። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራና በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያፈሰዋል፤ ባዶው ቦታ ላይ ወርቁን ይሞላበታል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ብዙ የብስክሌት እጅጌዎች የተሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ብስክሌትና ቅኔ በአንድ አንጥረኛ ቤት ይገናኛሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቀለሙ ሰም ነው፤ ብረቱ ውስጥ ያለው እጅ ወርቅ ነው። ነገር ግን ሰሙን የናቀ ወርቁን እንደማያገኝ የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

* * *

አሁን ይህ ፍሬም ተጎዳ እንበል። ጉዳቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዱም የራሱ አነጋገር አለው። ብስክሌተኛው ፊት ለፊት ከግንብ ጋር ከተጋጨ የፊት ሹካው ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከመሪው አንገት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወረድ ብሎም ሰያፉ ቱቦ ከሥሩ ይሸበሸባል፤ ወፍራሙ ጫፍ አልቆ ስሱ መሐል በሚጀምርበት ቦታ መሆኑ ነው። ብስክሌቱ በጎኑ ወድቆ መሪው በኃይል ከዞረ አግዳሚው ቱቦ ይሰረጎዳል። ዝናብና ላብ በኮርቻው ምሰሶ በኩል ከሰረጉ ውሃው ወርዶ በፔዳሉ ማዕከል ይጠራቀምና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። የኮርቻው ምሰሶ አሉሚኒየም ሆኖ ለዓመታት ሳይነቀል ከቆየም ሁለቱ ማዕድናት በእርጥበት ተበላልተው ይጣበቃሉ። ማንበብ ለሚችል ሰው ጉዳት ሁሉ የታሪክ ገጽ ነው፤ የት እንደወደቀ፣ እንዴት እንደወደቀ፣ ስንት ክረምት ደጅ እንዳደረ ይነግራል።

እውነተኛው ጠጋኝ መጀመሪያ የሚያነሣው መዶሻ አይደለም፤ ክር ነው። ክሩን ከአንደኛው የኋላ ጎማ ማቀፊያ አስሮ በመሪው አንገት ያዞርና ወደ ሌላኛው ማቀፊያ ይመልሰዋል። ከዚያም ክሩ ከኮርቻው ቱቦ በግራና በቀኝ ስንት እንደሚርቅ ይለካል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ጠሟል። ልብስ ሰፊ የሚሰፋበት ተራ ክር ዓይን የማያየውን ያጋልጣል።

የጠመመው ይቃናል፤ ብረት ሳይግል በጉልበት ቢመልሱት እሺ የሚል ጠባይ አለው። የካርቦን ፋይበር እንዲህ ሊታጠፍ አይችልም፤ አሉሚኒየምም ይህን ያህል አይታገሥም። የተሰረጎደው ቱቦ፣ ስርጉዱ ጥልቅ ካልሆነ፣ ክብ ጎድጓዳ በተቆረጠባቸው ሁለት ግማሽ ብሎኮች መካከል ገብቶ በሞርሳ እየጠበቀ ይሽከረከራል። ስርጉዱም ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። የተጣበቀው የአሉሚኒየም ምሰሶ፣ መዶሻም መቁረጫም ካቃተው፣ በኮስቲክ ሶዳ ተነክሮ ይሟሟል፤ ኮስቲኩ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ብረቱን ይተወዋል። ሥራው ጓንትና መነጽር፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል።

የተሸበሸበ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ግን አይቃናም፤ ይለወጣል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር አሁን ይምጣ። ናሱ በ900 ዲግሪ፣ ብረቱ በ1500 ዲግሪ የሚቀልጥ በመሆኑ፣ የታሰረው ተመልሶ ሊፈታ ይችላል። ጠጋኙ የተጎዳውን ቱቦ ከመሐሉ ይቆርጠዋል፤ እጅጌውን ናሱ እስኪላላ ያግለዋል፤ በውስጡ የቀረውን ጉማጅ ጎትቶ ያወጣና አዲሱን ቱቦ በቦታው ይተካል። እጅጌው፣ የሞረዱ አሻራ፣ የተመታው ቁጥር እንዳሉ ይቀራሉ። ሥራው ቀላል አይደለም፤ እሳቱ ከበዛ ስሱ ብረት ይጎዳል፣ በአቅራቢያው ያለው መጋጠሚያም አብሮ ይላላል። ግን ይቻላል።

ይህ እኔን ከሁሉ አብልጦ ያስደንቀኛል። የቀደመው ሠሪ ፍሬሙን ሲያስር የማያውቀው ሰው፣ ምናልባት ከሞቱ በኋላ፣ መጥቶ እንዲፈታው በር ትቶለታል። ይሰበራል ብሎ አስቧል፤ ይጠግኑታል ብሎም አምኗል። ከዚህ የበለጠ የትሕትና ሥራ ከየት ይገኛል?

* * *

«እንደ አዲስ» ባዩስ ይህን አደራ ተቀብሎ ምን ያደርጋል?

አንደኛ፣ ይፍቀዋል። ፍሬሙን አሸዋ በግፊት አየር ወደሚረጭ ሰው ይወስድና ቀለሙን እስከ ብረቱ ያስገፍፈዋል። አሸዋው ሻካራ፣ ግፊቱም ብርቱ ከሆነ ቀለም ብቻ አይደለም የሚገፈፈው፤ ያንን 0.6 ሚሊ ሜትር ይነካዋል፤ የሞረዱን ስል ጠርዝ ያደነዝዘዋል፤ የተመታውን ቁጥር ያደበዝዘዋል። አሁን የእጅ ጽሑፉ ተፍቋል።

ሁለተኛ፣ ይለስነዋል። ስርጉዱን በስቱኮ ይሞላና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ስቱኮ ለመኪና በር ይሆን ይሆናል፤ የመኪና በር ሰው አይሸከምም። ለቱቦ ግን ጥንካሬ አይጨምርለትም፤ ጉዳቱን ከዓይን ይሰውራል፣ ሥራውም በዚያ ያበቃል። ስንጥቅ ከሥሩ ካለ ስንጥቁ እንዳለ ይቀጥላል። ጨዋው ብረት ብዙ ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ያስጠነቅቃል፤ ቀለሙ በፀጉር መስመር ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁም የዝገት እንባ ይወርዳል። በስቱኮ የታፈነ ብረት ግን አፉ ተዘግቷል፤ ማስጠንቀቂያው ለባለቤቱ አይደርስም።

ሦስተኛ፣ ያስጌጠዋል። ክሮም ያስነክረዋል፤ ከኢንተርኔት በታዘዘ አዲስ ስቲከር የታላቁን ሠሪ ስም ይለጥፍበታል። ለክሮሙ የሚደረገው የአሲድ እጥበትና ነከራ ሃይድሮጅን ወደ ብርቱ ብረት አስገብቶ ተሰባሪ ሊያደርገው እንደሚችል ማን ያስብለታል? ስሙስ? እጅጌው የማን እጅ እንደሆነ ሳይጣራ ስም መለጠፍ፣ ደራሲው ያልታወቀ ግጥም ላይ የታወቀ ገጣሚ ስም ከመጻፍ በምን ይለያል?

አራተኛ፣ ይሸጠዋል። የዚህ ሁሉ መድረሻ እዚህ ነው። «ታድሷል» የሚለው ቃል ዋጋውን ይጨምራል፤ ገዢውም ያ ቀለም ምን እንደሸፈነ ሳያውቅ ቁልቁለት ላይ ይወጣበታል። አንባብያን ሆይ፣ ጠቡ የውበት ጠብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚወርድ ሰው ሥር የተደበቀ ስንጥቅ የነፍስ ጉዳይ ነው። ጉዳት ደብቆ የሸጠ ሰው ጥበብ ወዳድ ተብሎ ሲጨበጨብለት ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

አንድ ሰብሳቢ በዚህ ነገር ስንከራከር «ሠሪውም ቢሆን ይህን ፍሬም አዲስና የሚያብረቀርቅ አድርጎ ነው ያስረከበው፤ እኔ ሐሳቡን መለስኩለት» አለኝ። ክርክሩ ብልጠት አለው፤ እውነት ግን የለውም። ሠሪው አንድ ጊዜ አዲስ አደረገው፤ ያ አዲስነት የእርሱ ነበር። የሁለተኛው አዲስነት የቀለም ቀቢው ነው። የሞተን ደራሲ መጽሐፍ በድጋሚ ሲያሳትሙ ያልወደዱትን ዓረፍተ ነገር በዝምታ እያረሙ «ደራሲው እንዲህ ለማለት ነው የፈለገው» የሚሉ አሳታሚዎችም ይህንኑ መልስ ይሰጡናል። ደራሲው የፈለገውን ጽፎታል፤ ስሕተቱም የእርሱ ነው። ማስታወሻ ጻፉ፣ ኅዳጉ ላይ አስረዱ፤ ጽሑፉን ግን አትንኩ።

«ቀለም ከሌለው አይዝግም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ልመልሰው ይገባኛል። አዎን፣ የተራቆተ ብረት ይዝጋል። የተራቆተውን ቦታ ሸፍኑት። ዝገቱን አጽዱ፤ ቀለሙ የለቀቀበትን ቦታ ለብቻው ቀቡት፤ የቀረውን አሮጌ ቀለም በሰም ጠብቁት፤ ቱቦውን ከውስጥ ዘይት አጠጡት። አንዲት ጠብታ ቀለም ያልቀረበት ፍሬም ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ቀቡት፤ ነገር ግን ያልነበረ ስም አትለጥፉበት፤ የቀባችሁትም እናንተ እንደሆናችሁ ተናገሩ። መሸፈን ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ሸፍኖ «ምንም አልነበረም» ማለት ነው።

«ንብረቴ ነው፤ ምን አገባህ?» ለሚለኝም ሕጉ ከእርሱ ጋር መሆኑን አልክድም። ግን በደንብ የተያዘ የብረት ፍሬም ከባለቤቱ ዕድሜ ሊያልፍ ይችላል። ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው ጋልቦታል፤ ከእርሱ በኋላም ሌላ ይጋልበዋል። በመካከል ያለ ሰው ባለቤት ከመሆኑ በፊት ባለ አደራ ነው።

* * *

ይህ ጠብ ከብስክሌት ይቀድማል። በ19ኛው ምእተ ዓመት በእንግሊዝ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት «ይታደሱ» ተብሎ የዘመናት ልስናቸው ሲፋቅ፣ ጆን ራስኪን በ1849 ባሳተመው ስለ ሥነ ሕንፃ በሚናገር መጽሐፉ እድሳት የሚባለው ነገር ጥፋት እንደሆነ ተከራከረ። ዊልያም ሞሪስ በ1877 ከጓደኞቹ ጋር የጥንታዊ ሕንፃዎችን ጥበቃ ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩንም በቅጽል ስም «ጸረ ፍቀት» አሉት። ሞሪስ የሚለው ጠግኑ ነው፤ አትፍቁ ነው። በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት ቻርተርም እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ እንዲቆም፣ የጎደለው ሲተካም ከነባሩ ጋር ተስማምቶ ነገር ግን ተለይቶ እንዲታወቅ ደነገገ። ለካቴድራል የተገባ ሕግ ለብስክሌት ሲሆን የሚያስቅበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱም የእጅ ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ይሸከማሉ።

ለእኛ ደግሞ እስከ ቬኒስ መሄድም አያስፈልገንም። የግዕዝ ብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው ያውቀዋል፤ ቆዳው ሲፋቅና ሲወጠር የቀደደውን ፋቂው በክር ይሰፋዋል። ስፌቱ አይደበቅም፤ በገጹ መካከል እንደ ጠባሳ ተጋድሞ ይታያል። ጸሐፊውም ቀዳዳ ሲያጋጥመው ዞሮት ይጽፋል፤ ቃሉ ከቀዳዳው ወዲህ ይጀምርና ከቀዳዳው ወዲያ ይፈጸማል። ማንም ያን ገጽ «ጉድለት አለበት» ብሎ አልጣለውም። እነዚሁ መጻሕፍት ተቃራኒውንም ያስተምሩናል። በመልክአ ጸሎቱ መካከል የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም የገባበትን ቦታ ስንቶቻችን አይተናል? ፍቀቱ ብራናውን አሳስቶት ቀለሙ ይፈዝዛል፤ የመጀመሪያው ስም ግን ጠፍቶ ቀርቷል። ስፌቱና ፍቀቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። አንዱ ጥገና ነው፤ ሌላው «እንደ አዲስ» ነው።

ስለ መንገድ ዳር ጠጋኞቻችንም አንድ ቃል ልናገር። የብስክሌት ቃላታችን ከኢጣሊያውያን ጋር የመጣ ነው፤ ቸርኬ እንላለን፣ ካቴና እንላለን፣ ጎማ የሚጠግነውን ጎሚስታ እንላለን። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿን፣ እነ ገረመው ደንቦባን ልካለች። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለው አገር ፍሬም ተሰብሮ በያጅ ዘንድ ሲመጣ በያጁ ጠባሳውን ለመደበቅ አይደክምም። የብየዳው ጉብታ በአደባባይ ይታያል። እጁ የሚላኖ ሠሪ እጅ ላይሆን ይችላል፤ እሳቱም አንዳንዴ ይበዛል፤ ለስስ ቱቦ እንዲህ ያለ ብየዳ አይበጅም፣ ይህንንም መናገር ይገባል። ነገር ግን በያጁ አይዋሽም። የሚጋልበው ሰው የት እንደተሰበረ ያያል፤ ያንን ቦታ በየጊዜው በጣቱ ይዳስሳል። በሐቀኝነት ሚዛን ከተመዘነ፣ ያ ጉብታ ከሚያብረቀርቀው ስቱኮ ይበልጣል።

* * *

ከወዲያ በኩል የቆሙም አሉ፤ «እንግዲያው ምንም አንንካው» የሚሉ። ፍሬሙን ከነዝገቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ወይን እየጠጡ ያዩታል። ከእነዚህም ጋር አልስማማም። ብስክሌት የተሠራው ሊጋለብ ነው። ያልተነበበ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ያማረ ጥራዝ ሊሆን ይችላል፤ ግዴታው ግን አልተፈጸመም። ሸክም የሚችለውን ፍሬም ሥራ ማስፈታት ሌላው የማጥፋት መንገድ ነው፤ ዝገትም በግድግዳ ላይ አያርፍም።

የተሰበረ ሆኖ መቅረት ያለበት ብስክሌት የለም አልልም። በሰሜን ኢጣሊያ፣ ከኮሞ ሐይቅ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የጊዛሎ እመቤታችን የምትባል ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1949 የብስክሌተኞች ጠባቂ ብለው የሰየሟት እመቤት ናት። በግድግዳዋ ላይ የታላላቅ ተወዳዳሪዎች ብስክሌቶች ተሰቅለዋል። ከእነርሱ መካከል የፋቢዮ ካዛርቴሊ ብስክሌት አለ። ካዛርቴሊ የኮሞ ልጅ፣ በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድር ባለ ወርቅ ነበር፤ በሐምሌ 1995 በቱር ደ ፍራንስ የፖርቴ ዳስፔን ተራራ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ብስክሌቱ እንደተጎዳ ተሰቅሏል። ማንም አላቃናውም፤ ማንም አልቀባውም። እንደ አዲስ ቢደረግ ኖሮ ከሌሎቹ ጋር ተመሳስሎ አንድ ብስክሌት ይሆን ነበር፤ አሁን ግን በፊቱ የሚቆም ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያ ፍሬም ከእንግዲህ የሚሸከመው ሰውን አይደለም፤ ትዝታን ነው። ለዚህም ሸክም ጉዳቱ ራሱ ጉልበቱ ሆኗል።

ሕጉ አንድ ነው ማለት ነው። ፍሬሙ ምን እንዲሸከም ትፈልጋላችሁ? ሰው ከሆነ፣ ሰው የሚያስፈልገውን ያህል ጠግኑት፤ ከዚያ አትለፉ። ትዝታ ከሆነ ተዉት። ኩራታችሁን እንዲሸከም ከፈለጋችሁ ግን አዲስ ግዙ፤ አዲስ ነገር የሚሠሩ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ፤ ገንዘባችሁን ለእነርሱ ብትሰጡ ይሻላል።

እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሡት፤ ቁጥሩንና የእጅጌውን ቅርጽ መዝግቡ። ክሩን ዘርግታችሁ ለኩ። የተሰነጠቀውን ለውጡ፣ የጠመመውን አቅኑ፣ ያልተጎዳውን አትንኩ። አዲሱ ቱቦ ካልተቀባው ጎረቤቱ ጋር ባይመሳሰል አትፈሩ፤ ማየት ለሚችል ሰው መታየት አለበት። ስትሸጡት የሠራችሁትንና ያልሠራችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ። ከዚያም ጋልቡት።

ይህን ስታደርጉ በፍሬሙ ላይ ሦስት እጆች ይነበባሉ፤ የሠራው፣ የወደቀበትና የጠገነው። «እንደ አዲስ» ስታደርጉት ግን የአንዱም እጅ አይነበብም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ቢያንስ በእጇ የነበረውን እንደጣለች ታውቃለች። እነዚህ ሰዎች ግን የጣሉትን አያውቁትም፤ ምክንያቱም ከመፋቃቸው በፊት አላነበቡትም።